ዝግታ አድራሻ አለው

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «አርጅቷል» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወይ አዲስ መግዛት ነው፣ ወይ ችሎ መኖር። እኔ ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፣ ስሕተቱም ሰውን ያለ አግባብ ወጪ ያስወጣል ብዬ አምናለሁ። እምነቴ ግን ተከራካሪ ሳይገጥመው ማስረጃ አይባልም፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ፈጥሬ አነጋገርኳቸው። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰናይት አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግን ወጣት ናት። በመካከላቸው የተቀመጠው ላፕቶፕ በ2018 የተሠራ፣ ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው፣ ነገር ግን በሃርድ ዲስክ የሚሠራ፣ በብዙ ቤት የሚገኝ ዓይነት ነው። ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ፣ በቅሬታ ልጀምር። ይህ ላፕቶፕ በርቶ ለሥራ እስኪደርስ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል። ዎርድ ልከፍት ስል ስታክ ያደርጋል፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ካዘዝኩት ጭራሽ ይደነዝዛል። ዕቃ ሲያረጅ ይደክማል፤ ሰውም፣ መኪናም፣ ወፍጮም እንዲሁ ነው። አንቺ ግን መዳፍ የማታክል ዕቃ ቀይረን ይፈጥናል ትያለሽ። የደከመ በሬ አዲስ ቀንበር ስለተደረገለት ያርሳል?

ሰናይት፦ ጋሼ፣ በሬው ደክሞ ከሆነ ምሳሌው ትክክል ነው። እኔ ግን በሬው ቆሞ እየጠበቀ ነው ባይ ነኝ። ፕሮሰሰር እንደ ጡንቻ አይላላም። ከፋብሪካ ሲወጣ በሰከንድ ይሠራው የነበረውን ስሌት ዛሬም ይሠራዋል፤ ፋኑን አቧራ ደፍኖት በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን ካልቀነሰ በቀር። ራሙም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ዓመታት የተለወጠው የሚጫንበት ሥራ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ለውስጥ ራሱን ያድሳል፣ ፀረ ቫይረሱ ፋይል ይፈትሻል፣ የፍለጋው ክፍል ማውጫ ያዘጋጃል፣ ብሮውዘሩ የጎበኘውን ሁሉ ይመዘግባል። እነዚህ ሁሉ ደጋግመው የሚያንኳኩት አንድ በር ነው፤ ሃርድ ዲስኩን። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ቢከፍቱ በዓይንዎ ያዩታል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ከአሥርና ከሃያ በመቶ ሳያልፍ ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ይገኛል። መቶ ማለት ዲስኩ አንዲት ቅጽበት እንኳ አላረፈም ማለት ነው። ዝግታ አድራሻ አለው የምለው ለዚህ ነው። አድራሻውን ሳይፈልጉ «አርጅቷል» ማለት፣ ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ «ዕድሜ ነው» ብሎ እንደሚመልሰው ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሁን። ግን ዲስኩ ለምን እንዲህ ይጨነቃል? እንደሚባለው በሰከንድ መቶ ሜጋባይት ያህል ያነባል። መቶ ሜጋባይት ለአንድ ደብዳቤ የሚያንስ አይመስለኝም።

ሰናይት፦ የነገሩ ልብ እዚያ ላይ ነው። እርስዎ መዝገብ ቤትን ያውቁታልና በእሱ ልጠይቅዎ። አንድ ወፍራም ፋይል ከአንድ መደርደሪያ አውጥቶ መስጠትና፣ ያንኑ ያህል ወረቀት አንድ አንድ እያሉ ከመቶ ቦታ መልቀም እኩል ጊዜ ይወስዳሉ?

ጋሽ ታደሰ፦ እንዴት ተብሎ! የመዝገብ ቤት ድካም መመላለሱ ነው። ፋይሉ አንድ ላይ ከሆነ አፍታ ነው፤ ከተበታተነ ግን ቀኑ መሰላል ላይ ያልቃል።

ሰናይት፦ ሃርድ ዲስክም ጊዜው የሚያልቀው በመመላለስ ነው። ውስጡ የሸክላ ማጫወቻን ይመስላል፤ የሚሽከረከር ሳሕን አለ፣ በላዩ ወዲህ ወዲያ የሚል ክንድ አለ። ከሸክላ የሚለየው የክንዱ ጫፍ ሳሕኑን ስለማይነካው ነው፤ ዓይን በማያየው ክፍተት ከላዩ ይንሳፈፋል። የላፕቶፕ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 90 ዙር ነው፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የሚፈለገው መረጃ ዞሮ ከክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 5.6 ሚሊሰከንድ፣ መጠበቅ አለ። ክንዱ ራሱ ትክክለኛው መስመር ላይ እስኪደርስ ሌላ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨመራል። ድምሩ ወደ 18 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። ሲሰሙት ኢምንት ነው፤ ሲያካፍሉት ግን በሰከንድ መመላለስ የሚቻለው ስድሳ ጊዜ እንኳ አይሞላም። በእያንዳንዱ ምልልስ የሚመጣው አራት ኪሎባይት የሆነ ቁርጥራጭ ከሆነ፣ በሰከንድ የሚገኘው ከ240 ኪሎባይት በታች ነው። መቶ ሜጋባይት ያነባል የተባለው ዲስክ ሥራው ሲበታተንበት ከአቅሙ ከአራት መቶ አንዱን እጅ እንኳ አያወጣም። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ዎርድ ሲከፈት፣ ፀረ ቫይረስ ሲፈትሽ የሚሆነው ደግሞ አብዛኛው የተበታተነ ለቀማ ነው።

በሃርድ ዲስኩ ቦታ እንተካው የምልዎት ትንሽ ዕቃ ኤስኤስዲ ይባላል፤ በእሱ ውስጥ የሚዞርም የሚራመድም ነገር የለም። መረጃው በቺፕ ላይ ስለሆነ፣ የትም ቦታ ያለ ቁርጥራጭ በአንድ ሚሊሰከንድ አሥረኛ ገደማ ይደርሳል። አንድ በአንድ እየተጠየቀ እንኳ በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይመልሳል። እንበልና አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ከ6,000 የተለያየ ቦታ ቁርጥራጭ ይፈልጋል። በሃርድ ዲስኩ 6,000 ለ60 ሲካፈል መቶ ሰከንድ ነው፤ በኤስኤስዲው ከአንድ ሰከንድ በታች። በእርግጥ ሃርድ ዲስክ የመጡለትን ጥያቄዎች እንደ ቅርበታቸው ያሰልፋል፣ ዊንዶውስም የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ወደ ራም እየጫነ መንገዱን ያሳጥራል፤ ስለዚህ በተግባር ልዩነቱ በወረቀት ላይ የሠራነውን ያህል አይሰፋም። ምንጩ ግን ይኸው ነው። ሻጮች ማሸጊያው ላይ «500 ሜጋባይት በሰከንድ» የሚለውን ያሳያሉ። እሱ ከሃርድ ዲስክ አምስት እጥፍ ብቻ ነው፤ ሰው የሚሰማው ለውጥ ከዚያኛው፣ እምብዛም ከማይታየው የምልልስ ቁጥር የሚመጣ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ መዞሩ ካዘገየው፣ ለምን በፍጥነት እንዲዞር አላደረጉትም? ሌላው ሁሉ ሲያድግ እሱ ብቻ ምን ያዘው?

ሰናይት፦ እሱም አድጓል፤ ያደገው ግን በሌላ በኩል ነው። አይቢኤም በ1956 ያወጣው፣ ራማክ የተባለው ማሽን የያዘው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ሃምሳ ሳሕኖች ነበሩት፤ አምስት ሚሊዮን ፊደል ይይዝ ነበር፤ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞር ነበር። ሲጌት በ1992 ባራኩዳ ባለው ዲስክ 7,200 ደረሰ። በ36 ዓመት ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤት ኮምፒውተር ዲስክ በአብዛኛው ከ7,200 ፈቅ አላለም፤ የላፕቶፑም ባትሪና ሙቀት ለመቆጠብ 5,400 ላይ ቀረ። 10,000 እና 15,000 የሚዞሩም ተሠርተዋል፤ ነገር ግን ይጮኻሉ፣ ይግላሉ፣ ይወደዳሉ፤ አብዛኞቹም የሰርቨር ክፍል ዕቃ ሆነው ቀሩ። የመያዝ አቅሙ በዚያው ዘመን ከአምስት ሚሊዮን ፊደል ወደ ትሪሊዮኖች ወጣ። መደርደሪያው በመቶ ሺዎች እጥፍ ሰፋ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ርምጃ ግን እንደ ድሮው ሊባል ምንም አልቀረው። መፍትሔው ከሌላ ቦታ መጣ። ቶሺባ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1987 ናንድ ፍላሽ የተባለውን የማስታወሻ ዓይነት ይፋ አደረጉ፤ በኪሳችን ይዘን የምንዞረው ፍላሽም ኤስኤስዲውም የሚሠሩት በእሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ኢንቴል በ2008 ያወጣው ባለ 80 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በጅምላ 595 ዶላር ነበር፤ አንዱ ጊጋባይት ከሰባት ዶላር በላይ ይደርሳል። በ2023 ባለ 1 ቴራባይቱ ከ50 ዶላር በታች የተሸጠበት ጊዜ ነበር። ገበያው ወጣ ገባ ማለቱን አልተወም፤ ወደዚያ ወደ ሰባት ዶላሩ ግን አልተመለሰም።

ጋሽ ታደሰ፦ አሁን የምጠይቅሽ እንዳይከፋሽ። አንቺ ጠጋኝ ነሽ፤ ኤስኤስዲውንም አንቺው ትሸጫለሽ። በነጋዴ ዓይን የሁሉም በሽታ መድኃኒት ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። ምርመራሽ ከገበያሽ የማይቀላቀል መሆኑን በምን ልወቅ?

ሰናይት፦ አይከፋኝም፤ ማንም ሰው ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ታስክ ማናጀሩን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው፤ ምስክሩ ማሽኑ ራሱ እንዲሆን። ኤስኤስዲ የማይፈውሰው ብዙ ነገር አለ። ኢንተርኔቱ ተጎትቶ ገጽ አልከፈት ቢል፣ ዲስክ መቀየር ምንም አይጠቅመውም። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው የመጨረሻውን ፋይል ሲያወጣ መቶ የሚሆነው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ዲስኩ እዚያ ተመልካች ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ራም ነው። አራት ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ብሮውዘር ተከፍቶ ራሙ ሲሞላ፣ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ሲፈለግም መልሶ ያወጣል። በዚያን ጊዜም ዲስኩ መቶ ያሳያል፤ ጥፋቱ ግን የራም ማነስ ነው። ዲስኩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ጠጋኝ እዚህ ላይ ሰው ይበድላል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ ራሙ ገና ቦታ ሳለው ዲስኩ መቶ ከሆነ ጉዳዩ የዲስኩ ነው፤ ሁለቱም ከሞሉ ራም መጨመሩ ይቀድማል፣ ወይም ሁለቱ አብረው ይደረጋሉ። ሌላም አለ፤ አንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖች ዲስካቸው ኢኤምኤምሲ የሚባል፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ቺፕ ነው፤ በካቻቢቴ ፈትቶ የሚቀየር ነገር የለውም።

ጋሽ ታደሰ፦ አሮጌ ማሽን አዲሱን ዲስክ አይችለውም የሚሉስ? መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ፍጥነቱ ይባክናል፣ ብር መጣል ነው ይላሉ።

ሰናይት፦ ከፊሉ እውነት ነው። ሳታ የተባለው ማገናኛ በትውልድ ይለያያል፤ ሁለተኛው በሰከንድ 300 ሜጋባይት፣ ሦስተኛው 600 ያሳልፋል። ኤንቪኤምኢ የተባለው፣ ደንቡ በ2011 የወጣው፣ በሰከንድ ሺዎች ሜጋባይት ይሻገራል። 500 ማውጣት የሚችል ኤስኤስዲ በሁለተኛው ሳታ ላይ ሲሰካ ከ300 አያልፍም፤ አንድ ትልቅ ፊልም ሲገለብጡ ያ ይታያል። ነገር ግን ቅድም ያሰላነውን ያስታውሱ። አሥር ሺህ ጊዜ አራት ኪሎባይት 40 ሜጋባይት ነው። ይህ በጠባቡም በር ሳይጎነበስ ያልፋል። ትርፉ የመጣው ከመመላለሱ መቅረት ስለሆነ የበሩ ስፋት ብዙም አይነካውም። በዚሁ ምክንያት ደብዳቤ ለሚጽፍና ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ መሻገሩ ሰማይና ምድር ሲሆን፣ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ መሻገሩ እምብዛም አይሰማውም። መጠንቀቅ ያለብን ስለ ቅርጹ ነው፤ ኤም ዶት ቱ የሚባለው ትንሹ ቀዳዳ አንዳንዱ ሳታን ብቻ፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢን ብቻ ይቀበላል፤ መልካቸው ስለሚመሳሰል ማሽኑ ሳይታይ ዕቃው መገዛት የለበትም።

ጋሽ ታደሰ፦ እሺ፣ ስለ ዕድሜው። ፍላሽ በተጻፈበት ቁጥር ይበላል ሲባል እሰማለሁ። የሚበላ ነገር ላይ የሕይወት ሙሉ ሰነድ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?

ሰናይት፦ መበላቱ እውነት ነው። ፍላሽ ውስጥ መረጃ የሚቀመጠው ኤሌክትሮኖችን በስስ መከላከያ ሽፋን አሳልፎ በማሰር ነው፤ ሲጻፍና ሲሰረዝ ሽፋኑ ትንሽ ትንሽ ይጎዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢጻፍ ቶሎ ያልቅ ነበር፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪ ቺፑ ጽሕፈቱን በሁሉም ክፍል ላይ ያዳርሰዋል። መጠኑ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ በቁጥር እንየው። ሳምሰንግ 870 ኢቮ የሚባለው ባለ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ እስከ ቀደመው ድረስ ዋስትና አለው። አንድ ሰው በየቀኑ 20 ጊጋባይት ቢጽፍ፣ ይህም ለቤት አገልግሎት ብዙ ነው፣ በዓመት 7.3 ቴራባይት ይሆናል። 300 እስኪሞላ 41 ዓመት ይቆጠራል። ማጠፊያው፣ ባትሪው፣ ኪቦርዱ ሁሉ ቀድመውት ያልቃሉ። ሃርድ ዲስክም ቢሆን ከመበላት ነጻ አይደለም፤ የሚዞር ሞተርና የሚንሳፈፍ ክንድ ያለው ነገር በርቶ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

ጋሽ ታደሰ፦ ግን ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ይንቋቋል፣ ይጎተታል፤ ለባለቤቱ ጊዜ ይሰጠዋል። ኤስኤስዲ ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም ይሆናል ነው የሚሉት። ለመዝገብ ሰው ፍጥነት ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው አለመጥፋት ነው።

ሰናይት፦ እዚህ ላይ ልከራከርዎ አልችልም። ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል፤ ተቆጣጣሪው ሲበላሽ ቺፖቹ ላይ ያለው መረጃ ሳይነካ እንኳ መንገዱ ይዘጋል። በስሕተት የተሰረዘ ፋይልም ከሃርድ ዲስክ የሚገኘውን ያህል ከኤስኤስዲ አይገኝም፤ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ፣ ዊንዶውስ ከ2009 ጀምሮ የሚጠቀምበት፣ የተሰረዘውን ቦታ ለቀጣይ ጽሕፈት ስለሚያስጸዳው። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ እየጻፈ ሳለ ድርግም ቢልበት ሁለቱም ዓይነት ዲስክ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ዩፒኤስ የሚያስፈልገው ለሁለቱም ነው። አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ። ጄዴክ የተባለው የቺፕ ኢንዱስትሪው ደንብ አውጪ ማኅበር ለቤት ኤስኤስዲ ያስቀመጠው መለኪያ፣ የጽሕፈት ዕድሜው ያለቀ ዲስክ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው። ጤነኛው ከዚያ ይበልጣል፤ ሆኖም ኤስኤስዲ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቀመጥ ቤተ መዛግብት እንዲሆን አልተሠራም። ለዚህ ነው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አይጣል የምለው። ደህና ከሆነ ርካሽ የዩኤስቢ ኬዝ ገብቶለት የመጠባበቂያ ቅጂ ይሁን። ትልልቅ ፋይሎችን በተርታ መጻፍና ማንበብ እሱ የሚችለው ሥራ ነው፤ ከመሰላሉ ወርዶ ጎተራ ይጠብቃል። መረጃው በሁለት ቦታ ሲኖር የኤስኤስዲው ድንገተኛ ሞት የዕቃ ኪሳራ ብቻ ይሆናል። አንድ ዲስክ ብቻ ያለው ሰው ግን ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን ሰነዱን ለዕድል አስረክቧል።

ጋሽ ታደሰ፦ መልስሽን ተቀብያለሁ። አሁን የከበደውን ላምጣ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ትቶታል። ዲስክ ቀየርን፣ ፈጠነ እንበል፤ የቆመ ሥርዓት ላይ ፍጥነት ምን ያደርጋል? ከመጀመሪያው አዲስ መግዛቱ አይሻልም?

ሰናይት፦ እኔንም ብዙ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና፣ ከኢንቴል ወገን በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድን ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰርን ይጠይቃል። ይህ የእርስዎ ስምንተኛ ትውልድ ስለሆነ ያልፋል፤ እንዲያውም በሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ማሽኑን ማስጨነቅ ስለሆነ ኤስኤስዲው ለመሻገሪያው ያስፈልገዋል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ላይ ግን ዲስክ መቀየር የሥርዓቱን ችግር አይፈታም፤ ይፈታል ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። ለእነሱ ሌላ መንገድ አለ፤ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የተባሉ፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚገቡ የሊኑክስ ሥርዓቶች በነፃ ይጫናሉ፣ ማሻሻያም ያገኛሉ።

ጋሽ ታደሰ፦ ሊኑክስ ላይ አማርኛ ይጻፋል?

ሰናይት፦ ይጻፋል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከገባ ከ1999 ወዲህ የአማርኛ ጽሑፍ የአንድ ፕሮግራም እስረኛ መሆኑ ቀርቷል። ችግር የሚመጣው በድሮ ፋይሎች ነው፤ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንታቸው ከሌለ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ፤ አስቀድመው መለወጥ አለባቸው። ደግሞም ለሁሉም ሰው ሊኑክስ አይባልም። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ሥራው ያለው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን ካልቻለ፣ ለእሱ ቆጥቦ ሌላ መግዛቱ ትክክል ነው፣ እኔም ኤስኤስዲ አልሸጥለትም።

ጋሽ ታደሰ፦ ውጭ ዘመድ ያለውስ? አንድ ላፕቶፕ ቢላክለት ይህ ሁሉ ጣጣ አይቀርም?

ሰናይት፦ ይቀርለት ይሆናል። ግን ለላኪውም እናስብ። ሻንጣ ውስጥ ኪሎ የሚቆጠርበት ሰው ሁለት ኪሎ ላፕቶፕ ከሚሸከም መቶ ግራም የማይሞላ ኤስኤስዲ ቢይዝ ይቀለዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚላከውም ያገለገለ ስለሆነ ያው የሚንቀራፈፍ ሃርድ ዲስክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዘመድ ለሌለው ደግሞ ሒሳቡ የዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወደደ፤ ትልቁና ትንሹ በእኩል መቶኛ ቢወደዱም በብር ሲቆጠር በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል። 400 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕና 40 ዶላር የሚያወጣ ዲስክ ቢኖሩ፣ ልዩነታቸው በድሮው ተመን 20,000 ብር ግድም ነበር፤ ዶላሩ 100 ሲገባ 36,000 ሆነ። የሚጣለውንም ዕቃ አንርሳ። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥቷል፤ ከዚያ ውስጥ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ለጥቅም መዋሉ በሰነድ የተረጋገጠው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ራሙ ደህና ሆኖ ሳለ በአንድ ክፍል ዝግታ ሙሉው ሲጣል እኔን ያመኛል፤ ያንን አልሸሽግዎትም።

ጋሽ ታደሰ፦ ገበያ ላይ ያለው ሁሉስ ትክክለኛ ነው? ስንቱ ነው ማሸጊያው ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነው።

ሰናይት፦ በጣም ርካሽ «2 ቴራባይት» ካዩ ይጠርጥሩ። ትንሽ ቺፕ ትልቅ ቁጥር እንዲያሳይ ተደርጎ ይሸጣል፤ እስኪሞላ ደህና ይመስላል፣ ከሞላ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ማጋለጫው ሙሉውን ቦታ ጽፎ መልሶ ማንበብ ነው፤ ኤችቱቴስትደብልዩ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን ሰነድ ከመጫኑ በፊት፣ ለሻጩ መመለስ ሲቻል ቢደረግ ይሻላል።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲህ ሥራው ይጀመር ከተባለ፣ ከምን ትጀምሪያለሽ?

ሰናይት፦ ከፎቶውና ከሰነዱ። ብሎን ሳይፈታ በፊት ሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣሉ። ከዚያ የሃርድ ዲስኩን ጤና አያለሁ፤ የተጎዳ ክፍል ካለው እንዳለ ወደ አዲሱ አልገለብጠውም፤ ዊንዶውሱን በንጹሕ ጭኜ ፋይሎቹን ብቻ እመልሳለሁ። ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም መንገድ ይሆናል፤ እኔ ግን የዓመታት ኮተት የተጠራቀመበትን ማሽን በንጹሕ መጫን እመርጣለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲያው ካቻቢቴውን አስቀምጪና መጀመሪያ ያንን ታስክ ማናጀር ክፈችልኝ። ዲስኩ መቶ ካላለ ብሎኑ አይነካም።

ሰናይት፦ ይሁን ጋሼ። ግን ከበራ በኋላ አሥር ደቂቃ እንጠብቀው። ሲነሳ ሁሉም ፕሮግራም ዲስኩን ስለሚያንኳኳ በዚያን ሰዓት የሚታየው መቶ ማስረጃ አይሆነኝም። ሲረጋጋ ዎርድን እንከፍታለን፤ የራሙን ቁጥር እርስዎ ይያዙልኝ፣ እኔ የዲስኩን እይዛለሁ።